ኤሲው ሲበራ የምትቆም ቫን፦ የኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር ቅየራ ከምርመራ እስከ ርክክብ

ጉዳዩ በአዲስ አበባ ከመጋዘን ወደ ሱቆች ዕቃ የምታመላልስ አንዲት አነስተኛ የኤሌክትሪክ ቫን ነው። ቻይና ሠራሽ ናት፤ ከፊት ሁለት ሰው ትይዛለች፤ እስከ ብልሽቱ ቀን 46,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ባትሪዋ 104 የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው፤ መደበኛ ቮልቴጁ 333 ገደማ፣ አቅሙ 41.6 ኪሎዋት ሰዓት። ኤሲው የሚያገለግለው ጋቢናውን ብቻ ነው፤ ባትሪውን አያቀዘቅዝም። በኮፈኑ ሥር የተለጠፈው መለያ ጋዙ አር134ኤ፣ መጠኑ 450 ግራም፣ ዘይቱ ደግሞ 120 ሚሊ ሊትር ፒኦኢ (ለኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር የሚሆን የዘይት ዓይነት) መሆኑን ይናገራል። ይህን መለያ ቀድሞ ያነበበ ሰው ቢኖር ኖሮ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ባላስፈለገ ነበር።

ቅሬታው የመጣው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ቫኗ ጠዋት ያለ ችግር ትነሳለች። ዝናብ ሲጀምርና የፊት መስታወቱ ከውስጥ ላብ ሲይዘው ሾፌሩ የመስታወት ማድረቂያውን ይጫናል። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይበራል፣ ጉልበቷ ይወርዳል፣ ቆማ ከጠፋች በኋላ ደግሞ ተመልሳ ሬዲ (ለመሄድ ዝግጁ የምትሆንበት ሁኔታ) አትገባም። ሾፌሩ በራሱ መንገድ ነገሩን ደርሶበት ነበር፦ «ኤሲውን ካልነካሁት ትሄዳለች» አለ። ከዚህ የተሻለ የምርመራ ፍንጭ ከስካነርም አይገኝም። የመስታወት ማድረቂያው ሲጫን ኤሲው አብሮ ይነሳል፤ መስታወቱን የሚያደርቀው በኢቫፖሬተሩ (አየሩን በሚያቀዘቅዘው ክፍል) ላይ አልፎ እርጥበቱን የጣለ አየር ነውና። በክረምት ሾፌሩ ቅዝቃዜ ባይፈልግም ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ይሠራል።

ቫኗ እዚህ ከመድረሷ በፊት ሌላ ቦታ ታይታለች። እዚያ የተሰጠው ውሳኔ «ባትሪው ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ ይከፈት» የሚል ነበር። ስህተቱ የሚገባ ነው። ስካነሩ ያወጣው ኮድ ፒ0ኤኤ6 ነው፤ የኮዱ ስያሜ የባትሪ ቮልቴጅ ሥርዓት ኢንሱሌሽን (ከፍተኛ ቮልቴጁን ከመኪናው ቦዲ የሚለየው መከላከያ) መጉደል ይላል። «ባትሪ» የሚለውን ቃል ያየ ሰው ወደ ባትሪው ይሮጣል። ኮዱ ግን የሚናገረው ስለ ባትሪው ሳጥን ብቻ አይደለም። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሸከመው ብርቱካናማ ገመድ የደረሰበት ሁሉ፣ ማለትም ዋናው ሞተር፣ ቻርጀሩ፣ የ12 ቮልት ባትሪ የሚሞላው ዲሲ-ዲሲ ኮንቨርተር፣ የጋቢና ማሞቂያውና የኤሲ ኮምፕረሰሩ፣ አንድ ሥርዓት ነው። ከእነዚህ በአንዱ ከፍተኛ ቮልቴጁ ወደ ቦዲው ካሾለከ ኮዱ ያው ነው።

የሾፌሩን ፍንጭ ይዞ የተለካው እንዲህ ነበር። ኮዱ ተሰርዞ፣ ኤሲው ጠፍቶ፣ ቫኗ ሬዲ እያለች ስካነሩ ያነበበው የኢንሱሌሽን መጠን 2.3 ሜጋ ኦም ነው፤ ጤናማ ነው። ኤሲው እንደበራ ንባቡ ወደ 53 ኪሎ ኦም ወረደና ቫኗ ዘጋች። በኤሌክትሪክ መኪና ደህንነት ደንቦች የተለመደው መለኪያ ለእያንዳንዱ ቮልት 500 ኦም ነው፤ ለ333 ቮልት 166 ኪሎ ኦም ገደማ ይሆናል። 53 ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ መኪናዋ መቆሟ ትክክል ነው። ይህን ማስጠንቀቂያ በሶፍትዌር አታሎ ማለፍ የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ጉድለቱ ኤሲው ሲጠፋ ለምን ይደበቃል? የኮምፕረሰሩ ሞተር በቀጥታ ከባትሪው ጋር አልተገናኘም። በመካከላቸው ከኮምፕረሰሩ አካል ጋር አብሮ የተሠራ፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ በሚስማማ መልክ የሚቀይር ኢንቨርተር አለ። ኢንቨርተሩ ሳይሠራ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ ሽቦው ወደ ቦዲው ቢያሾልክም የኢንሱሌሽን ተቆጣጣሪው አያየውም። ኢንቨርተሩ ቮልቴጁን እየቆራረጠ መላክ ሲጀምር ሽቦው ከፍተኛ ቮልቴጁን ያገኛል፣ ሾልኮቱም ያኔ ይገለጣል። ስለዚህ ኤሲው ጠፍቶ ብቻ ለክቶ «ኢንሱሌሽኑ ደህና ነው» ማለት አይቻልም። ባትሪው ውስጥ እውነት ውሃ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በተቃራኒው ንባቡ ኤሲ ሳይነካም ይወርድ ነበር።

ቀጥሎ ከፍተኛ ቮልቴጁን መዝጋት ነው። እዚህ ላይ አቋራጭ የለም። መኪናዋ ጠፋች፣ ቁልፉ ከጋራዡ ክፍል ወጥቶ ተቀመጠ፣ የ12 ቮልት ባትሪው ኔጌቲቭ ተፈታ፣ የባትሪውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚቆርጠው የአገልግሎት መቁረጫ ተነቅሎ ሥራውን በሚሠራው ሰው ኪስ ገባ። በኢንቨርተሮቹ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች እንዲራገፉ 10 ደቂቃ ተጠበቀ። የ1,000 ቮልት ጓንት ከመጠለቁ በፊት አየር ተሞልቶና ተጠቅልሎ ቀዳዳ እንደሌለው ታየ። ከዚያ መልቲሜትሩ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ተሞከረ፣ ብርቱካናማው ሶኬት ተለካ፣ ንባቡ ዜሮ ሆነ፣ መልቲሜትሩ እንደገና በ12 ቮልቱ ላይ ተሞከረ። ይህ የመጨረሻው ሙከራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ግን በመሃል የሞተ መልቲሜትርም «ዜሮ» ይላል፤ ያንን የሚያጋልጠው ይህ ብቻ ነው። ሁለተኛ ሰው ከአጠገብ ነበር፤ ሥራው መርዳት ሳይሆን መጠበቅ ነው።

የኮምፕረሰሩ ብርቱካናማ ሶኬት ተነቅሎ በ500 ቮልት ሜገር (ኢንሱሌሽንን በከፍተኛ ቮልቴጅ በሚለካ መሣሪያ) ተለካ። ሁለቱ ከፍተኛ የቮልቴጅ ፒኖች አንድ ላይ ተጣምረው ከኮምፕረሰሩ ገላ አንጻር ነው የተለኩት፤ እንዲህ ሲሆን የሜገሩ ቮልቴጅ በኢንቨርተሩ ሁለት ፒኖች መካከል አያርፍም። ውጤቱ 0.054 ሜጋ ኦም። በዚያው መሣሪያ የጋቢናው ማሞቂያ ሲለካ የሜገሩን ልኬት አልፎ ሄደ፣ ሾልኮት የለበትም ማለት ነው። በተራ መልቲሜትር ይህን መለካት ዋጋ የለውም፤ በጥቂት ቮልት የሚለካ መሣሪያ በ333 ቮልት የሚታየውን ሾልኮት ላያየው ይችላል። አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። ለብዙ ቀናት በብርድ የቆመች መኪና ጋዟ ፈሳሽ ሆኖ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ያኔ ጤነኛ ኮምፕረሰርም ዝቅ ያለ ንባብ ይሰጣል። ከአንድ ሜጋ ኦም እስከ ጥቂት ሜጋ ኦም ያለ ንባብ ሲገኝ ኮምፕረሰሩን አሙቆ እንደገና መለካት እንጂ መፍረድ አይገባም። 0.054 ግን በሙቀት የሚመለስ አይደለም።

ቀሪው ጥያቄ በ46,000 ኪሎ ሜትር ለምን ተበላሸ የሚለው ነው። ይህ ካልተመለሰ አዲሱም ኮምፕረሰር በዚያው መንገድ ይሄዳል። መልሱ የነበረው በመኪናዋ የጥገና ደረሰኞች ውስጥ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዝቃዜው በመድከሙ መንገድ ዳር ካለ የጋዝ መሙያ ቤት «ጋዝ፣ ዘይትና ቀለም» ተሞልቷል፤ ቀለሙ ሾልኮትን በአልትራቫዮሌት መብራት ለማየት የሚጨመር ነው። ዘይቱ ፓግ 46 የሚባል ሌላ ዓይነት ነው። በቤንዚን መኪና ይህ ተራ ነገር ነው፤ አብዛኞቹ በቺንጋ የሚዞሩ ኮምፕረሰሮች የሚጠቀሙት ፓግ ነውና።

በኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር ግን ሞተሩ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር በአንድ ቤት ይኖራል። ጋዝና ዘይት በጥቅል ሽቦው ላይ እያለፉ ያቀዘቅዙታል። ስለዚህ ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፣ የኤሌክትሪክ አጥርም ነው። ፒኦኢ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ፓግ ግን እርጥበት በኃይል ይስባል፣ ኤሌክትሪክም ያሳልፋል። ትንሽ መጠን ሲቀላቀል ኢንሱሌሽኑን በብዙ እጥፍ ያወርደዋል። በሽቦው ልባስ ላይ ያሉ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች በፒኦኢ ሲሞሉ ጉዳት የለባቸውም፤ በፓግ ሲሞሉ እያንዳንዳቸው የሾልኮት መንገድ ናቸው።

ጋዙ በማሽን ሲወጣ 610 ግራም ተመዘነ። ከመለያው 160 ግራም ይበልጣል። መንገድ ዳር የተሞላው በሚዛን ሳይሆን በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ነበር ማለት ነው። በቺንጋ ለሚዞር ኮምፕረሰርም ይህ ስህተት ነው፤ እዚህ ግን ኮምፕረሰሩ ፍጥነቱን በየጊዜው ስለሚቀያይር የጌጁ ንባብ የጋዙን መጠን ጨርሶ አይናገርም። የወጣው ዘይት በአልትራቫዮሌት መብራት ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። ቀለሙ የገባው ከፓጉ ጋር ስለሆነ ቀለሙ የደረሰበት ሁሉ ፓግ ደርሶበታል፤ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚጥለው ኮንደንሰርም፣ ኢቫፖሬተሩም፣ ቱቦዎቹም።

የሚቀየረውና የሚታጠበው የተለየው በዚህ መሠረት ነው። ኮምፕረሰሩ ይቀየራል። ውስጡን በፒኦኢ አጥቦ ማዳን ይቻላል የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ አያስተማምንም። ፓጉ በጥቅል ሽቦው ድርና ማግ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ ሜገሩ ከፍ ቢል ከወር በኋላ ይወርዳል። ኮንደንሰሩም ይቀየራል። የዚህ ዓይነቱ ኮንደንሰር መንገዶቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑና ጎን ለጎን የተደረደሩ ናቸው፤ ማጠቢያው በቀለለው መንገድ ያልፍና የተቀሩትን ሳይነካ ይወጣል። እርጥበት የሚመጠው ድራየርም ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚገባውን ጋዝ የሚመጥነው ኤክስፓንሽን ቫልቭ ይቀየራል፤ ርካሽ ነው፣ ኢቫፖሬተሩን ለማጠብም መውጣቱ አይቀርም። ኦሪንጎቹ (የመጋጠሚያ የጎማ ቀለበቶቹ) በሙሉ ይቀየራሉ። ኢቫፖሬተሩና ሦስቱ ቱቦዎች ይታጠባሉ። ኢቫፖሬተሩን ለመቀየር ዳሽቦርዱ በሙሉ መውረድ አለበት፤ ቀላል መንገድ ያለው ስለሆነ ደግሞ በደንብ ይታጠባል። አንዳንድ አምራቾች ፓግ የገባበትን ሥርዓት ቱቦውን ጨምሮ ሙሉ በሙሉ መቀየር ያዛሉ። መኪናዋ በዋስትና ላይ ብትሆን ኖሮ መከተል የሚገባው እርሱን ነበር።

ኮምፕረሰር ማግኘት ከሁሉም የከበደው ክፍል ሆነ። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ በዝቷል፤ መለዋወጫው ግን በዚያ ፍጥነት አልበዛም። መርካቶ ሶማሌ ተራ የተገኘው የመጀመሪያው ኮምፕረሰር ያገለገለ ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹ ገጠሙ፣ ብርቱካናማው ሶኬትም ገባ። ሆኖም ጋዝ ሳይሞላ፣ ሳይታሰር፣ ጠረጴዛ ላይ እያለ የመለያ ሳህኑ ሲነበብ ትእዛዝ የሚቀበለው በሊን መስመር መሆኑ ታወቀ፤ ሊንና ካን የመኪና ክፍሎች የሚነጋገሩባቸው ሁለት የተለያዩ የመገናኛ ዓይነቶች ናቸው። የቫኗ ኤሲ መቆጣጠሪያ የሚናገረው በካን ነው። ቢገጠም አይሽከረከርም ነበር። መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎቹም ክዳን አልነበራቸውም፤ ፒኦኢ የአየር እርጥበት ሲጠጣ ውሎ ያደረ ማለት ነው። ወዲያው ተመለሰ።

የኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር ለሚገዛ ሰው መታየት ያለበት በቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የቮልቴጅ ክልሉ የመኪናውን ባትሪ ከባዶ እስከ ሙሉ ይሸፍን፤ ለጎልፍ መኪናና ለባጃጅ የሚመጣ 72 ቮልት፣ ለአውቶቡስ የሚመጣ ከ500 ቮልት በላይ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ። ከዚያ የመገናኛው ዓይነት፣ ቀጥሎ በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው መጠን፣ ከዚያ ጋዙና ዘይቱ። መልክና የብሎን ልክ የሚመጡት በመጨረሻ ነው። ሁለተኛው የተገዛው አዲስ ነበር፤ የክፍል ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር በፊደል በፊደል ተመሳከረ። ክዳኑ ሲላላ ፉጨት አሰማ፤ ፋብሪካው የሞላው ናይትሮጅን አለ ማለት ነው፣ አየር አልገባም። በሜገር ሲለካ ከ500 ሜጋ ኦም በላይ ሆነ። ይህ ልኬት ከመግጠም በፊት መደረግ አለበት፤ ከገጠሙ በኋላ የተገኘ ጉድለት የሻጩ ነው ወይስ የጋራዡ የሚል ክርክር ያመጣል።

አሮጌውን ማውረድ ራሱ ረጅም አይደለም። መኪናዋ በማንሻ ወጣች፣ የታችኛው መከላከያ ፕላስቲክ ወረደ። የሁለቱ ቱቦዎች ብሎኖች በ10 ቁልፍ ተፈቱ፤ ቱቦዎቹና ቀዳዳዎቹ በዚያው ቅጽበት በንጹሕ ክዳን ተዘጉ። ኮምፕረሰሩን የያዙት ሦስት ረጃጅም ብሎኖች ናቸው፣ ንዝረት የሚውጥ ጎማም አላቸው። ከጎማዎቹ አንዱ ተሰንጥቆ ስለነበር ሦስቱም ተቀየሩ፤ በኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ድምፅ ስለሌለ ጠንካራ ጎማ ወይም ብረት ለብረት የነካ ኮምፕረሰር ጋቢና ውስጥ እንደ ወፍጮ ይሰማል። ኮምፕረሰሩን ከቦዲው ጋር የሚያያይዘው የምድር ሽቦም ተፈታ። ሥሩ ዝጎ ነበር፤ ቦታው እስኪያበራ ተፋቀ። ይህ ሽቦ ለኤሲው መሥራት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ኢንሱሌሽኑ ሲጎድል ሰው እንዳይያዝ ነው።

በመግቢያው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ የነበረው ኦሪንግ ጠፍጥፎ ደርቋል፤ በዙሪያውም የዘይት ቆሻሻ ተለጥፏል። የመጀመሪያው ቅዝቃዜ መድከም ምንጭ ይህ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ቀስ ብሎ ሾለከ፤ መፍትሔው አንድ ኦሪንግና የተመዘነ 450 ግራም ጋዝ ነበር።

እጥበቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደ። ለኤሲ የተሠራ፣ ሲተን ቅሪት የማይተው ማጠቢያ ብቻ ነው የተጠቀሙት። በየመንደሩ ኢቫፖሬተር በቤንዚን ወይም በቲነር ሲታጠብ ይታያል። ቤንዚን በጋዙ ውስጥ ይቀራል፣ ኦሪንግ ያሳብጣል፣ የጥቅል ሽቦውን ልባስም ያጠቃል። ኢቫፖሬተሩ ከመደበኛው የጋዝ ጉዞ በተቃራኒ አቅጣጫ አራት ጊዜ ታጠበ፤ ከእያንዳንዱ ዙር የወጣው ፈሳሽ በነጭ ጨርቅ ላይ ፈስሶ በአልትራቫዮሌት መብራት ታየ። በሦስተኛው ዙር አሁንም ፈዘዝ ብሎ ያበራ ነበር፣ በአራተኛው ጠፋ። ያ የተረገመ ቀለም እዚህ ላይ ጠቀመ፤ ፓጉ መውጣቱን የሚያሳይ ምስክር ሆነ። በመጨረሻ ደረቅ ናይትሮጅን በእያንዳንዱ ክፍል ለ15 ደቂቃ ተነፋ። ከጋራዡ የአየር መንፊያ ኮምፕረሰር የሚወጣ አየር እርጥበትና ዘይት ስላለው ለዚህ አይሆንም።

ዘይት ላይ ሒሳቡ በዚህ ጉዳይ ቀላል ሆነ። አዲሱ ኮምፕረሰር 120 ሚሊ ሊትር ፒኦኢ ይዞ መጥቷል፣ ይህም የሥርዓቱ ሙሉ መጠን ነው። ሁሉም ክፍል ታጥቦ ወይም አዲስ ሆኖ ባዶ ስለሆነ አልተቀነሰም፣ አልተጨመረም። ኮምፕረሰሩ ብቻ በሚቀየርበት ተራ ሥራ ግን በኮንደንሰር፣ በኢቫፖሬተርና በቱቦ ውስጥ የቀረ ዘይት አለ። ያኔ ከአሮጌው የፈሰሰውን ለክቶ፣ ከአዲሱ ትርፉን መቅዳት ያስፈልጋል። ትርፍ ዘይት የኢቫፖሬተሩን ግድግዳ ለብሶ ቅዝቃዜ ይቀንሳል። ኦሪንጎቹ የተቀቡት በዚያው ፒኦኢ ነው። ለኦሪንግ ጠብታ ፓግ መቀባት ምንም አይደለም የሚል መካኒክ ካለ ከኮምፕረሰሩ ሰሌዳ ማስጠንቀቂያውን ያንብብ። ጠርሙሱ ከተከፈተ የቀረው ለሌላ ቀን አይቀመጥም፤ ፒኦኢ የጠጣውን ውሃ ቫኪዩም መልሶ አያወጣለትም፣ ከውሃው ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሠራልና።

የኮምፕረሰሩ ብሎኖች በ22 ኒውተን ሜትር፣ የቱቦዎቹ በ9 ታሰሩ። የቱቦ ብሎን በእጅ ስሜት ሲጠብቅ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይበላል፤ ያ ኮምፕረሰሩን ያስጥላል።

ሾልኮት ለመፈተሽ ናይትሮጅን 10 ባር ተሞላ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ጌጁ 9.7 አሳየ። ሾልኮት ይመስላል፤ የአረፋ ፍተሻ ግን ምንም አላገኘም። ናይትሮጅኑ የተሞላው ፀሐይ ኮፈኑ ላይ እያረፈች ነበር፣ ከዚያ ደመና መጣ። የታሰረ ጋዝ በ8 ወይም በ9 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ልክ ይህን ያህል ይወርዳል። መኪናዋ ጥላ ሥር ገብታ ሙቀቱ ከተረጋጋ በኋላ ፈተናው ተደገመ፤ ለአንድ ሰዓት መርፌው አልተነቃነቀም። የሙቀት ለውጥ ሳይመዘገብ የተደረገ የግፊት ፈተና አያስረዳም።

ቫኪዩም ላይ፣ ማለትም አየሩንና እርጥበቱን ከሥርዓቱ በፓምፕ ስቦ ማውጣት ላይ፣ ደግሞ አዲስ አበባ የራሷ ትምህርት አላት። ፓምፑ ለግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ የማኒፎልድ ጌጁ ከዜሮ በታች 0.76 ባር ላይ ቆመ። መጽሐፉ ወደ 1 ባር መውረድ አለበት ይላል። ስለዚህ ፓምፑ ደክሟል ወይም መጋጠሚያ ይተነፍሳል ተብሎ ሁለት ሰዓት ባከነ። እውነቱ ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ራሱ 0.77 ባር ገደማ ብቻ ነው። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር አንጻር ስለሆነ ፍጹም ባዶ የሆነ ሥርዓትም ከዚያ በታች አይወርድም። በኢንች ሜርኩሪ ለሚያነቡ 22 ከምናምን ማለት ነው፣ 29 አይደለም። ማኒፎልድ ጌጅ የቫኪዩሙን ጥልቀት ለመለየት አይበቃም፤ የሚያስፈልገው የቀረውን ግፊት ከፍጹም ባዶ አንጻር የሚለካው ማይክሮን መለኪያ ነው፣ እርሱ ከፍታ አያሳስተውም። ሲገጠም 480 ማይክሮን አነበበ፤ ፓምፑ ተዘግቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ 700 ላይ ቆመ። ቀጥ ብሎ መውጣት ሾልኮትን፣ ወጥቶ ከብዙ ሺህ ማይክሮን ላይ መቆም ውሃን ያመለክታል፤ እዚህ ሁለቱም አልታዩም። የሐምሌ ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚተነው፤ ፓምፑን ከአንድ ሰዓት በታች ማሠራት ብልህነት አይደለም።

ሥርዓቱ በቫኪዩም ላይ እያለ ኮምፕረሰሩን ማስነሳትም ሆነ በሜገር መለካት ፈጽሞ ክልክል ነው። በጣም የቀጠነ አየር ከፍተኛ ቮልቴጅን መከላከል ያቅተዋል፤ በፒኖቹ መካከል ብልጭታ ተነስቶ አዲሱን ኮምፕረሰር በአንድ ሰከንድ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የአገልግሎት መቁረጫው እስከ ጋዝ ሙሌቱ መጨረሻ አልተመለሰም።

ጋዙ በሚዛን 450 ግራም፣ በፈሳሽ መልክ፣ በከፍተኛ ግፊት በኩል፣ ኮምፕረሰሩ ቆሞ ገባ። የተጠቀሙበት ቱቦና ጌጅ አዲስ ነው፤ የጋራዡ የቆየው ቱቦ ውስጡ በፓግ የራሰ ስለሆነ ለብቻ ተለየ። ያን ሁሉ እጥበት ታጥቦ በአንድ ቱቦ ምክንያት ፓጉን መልሶ ማስገባት ያሳዝናል፤ ጋዝ የሚያወጣውና የሚሞላው ማሽንም ውስጡን የሚያጥብበት ሥርዓት ከሌለው ለሁለቱም ዓይነት መኪና መዋል የለበትም። ከሙሌት በኋላ 20 ደቂቃ ተጠበቀ፤ የገባው ፈሳሽ ሳይተን የኮምፕረሰሩ መጭመቂያ (ስክሮሉ) እንዳይጨምቀው።

ኮምፕረሰሩ ከሶኬቱ ጋር ሳይገናኝ እንደገና በሜገር ተለካ፦ 48 ሜጋ ኦም። ከ500 መውረዱ አያስደነግጥም፤ ጋዝና ዘይት ሽቦውን ሲያረጥቡ ቁጥሩ ይወርዳል። ከዚያ ብርቱካናማው ሶኬት እስኪቆለፍ ተገፋ። በዚህ ሶኬት ውስጥ የደህንነት መስመሩ ትንንሽ ፒኖች አሉ፤ ግማሽ የገባ ሶኬት መኪናውን ሬዲ ያስከለክላል፣ ሰውም አዲሱ ኮምፕረሰር ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። መቁረጫው ተመለሰ፣ 12 ቮልቱ ታሰረ፣ ኮዱ ተሰረዘ።

ኤሲው በርቶ የኢንሱሌሽኑ ንባብ 2.2 ሜጋ ኦም ሆነ። የውጭው ሙቀት 22 ዲግሪ እያለ ከመንፊያው የወጣው አየር ከ15 ደቂቃ በኋላ 7 ዲግሪ ደረሰ። ዝቅተኛው ግፊት 2.2 ባር፣ ከፍተኛው 9.8 ባር፣ ኮምፕረሰሩ የሚወስደው 0.9 ኪሎዋት። የግፊትና የሙቀት ሠንጠረዥ ለባሕር ወለል ስለተሠራ በአዲስ አበባ ጌጅ ላይ ከሠንጠረዡ 0.24 ባር ገደማ መጨመር አለበት፤ ያን የማይጨምር ሰው ጤነኛ ሥርዓት ጋዝ በዝቶበታል ብሎ ያወጣል። የአየሩ መሳሳት ኮንደንሰሩንም ስለሚጎዳ በከፍታ ቦታ በአቧራና በጭቃ የተደፈነ ኮንደንሰር ከሌላው ቦታ ቀድሞ ይጨነቃል፤ ከጥገናው ጋር የራዲያተሩና የማራገቢያው ፊትም ታጥቧል።

ቫኗ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ታየች። ኤሲው በርቶ የተነበበው በመጀመሪያው 2.2፣ በሁለተኛው 2.1 ሜጋ ኦም ነው። የሚፈራው ከኢቫፖሬተሩ ጥግ የቀረ ፓግ ቀስ ብሎ ወደ ኮምፕረሰሩ መድረሱ ነበር፤ ቢሆን ኖሮ በእነዚህ ሳምንታት ንባቡ በደረጃ ሲወርድ ይታይ ነበር። ቀጣዩ ልኬት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ ከጎማ ምርመራው ጋር እንዲሆን ተመዝግቧል።

በኮፈኑ ሥር ከፋብሪካው መለያ አጠገብ ሁለተኛ መለያ ተለጠፈ፣ በጉልህ የአማርኛ ፊደል፦ «አር134ኤ 450 ግራም በሚዛን ብቻ። ዘይት ፒኦኢ። ፓግ አይገባም። ቀለም ያለው ጣሳ አይገባም።» አንድ ቅጂ ከሾፌሩ የመኪና ሰነድ ጋር ተቀምጧል፤ ጋዝ የሚሞላው ሰው ኮፈኑን ሳይከፍት በፊት እንዲያየው።